የዳሌ ስብራት፦ ብሎን፣ ፕሌት፣ ኔይል ወይስ ቅየራ?

ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው ማታ ነው። «እማዬ ወደቀች። ዳሌዋ ነው አሉ። ብረት ግዙ ተባልን። የትኛው ነው የሚሻለው? የጀርመኑን ከዚህ ገዝተን እንላከው?» ደዋዩ ሜሪላንድ ነው፣ ወይም ዱባይ። እናትየው አዲስ አበባ አልጋ ላይ ናቸው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ብረት አልመርጥም፣ ኦፕራሲዮን ክፍልም አልገባም። የኔ ተራ የሚደርሰው በማግስቱ ነው፤ ታካሚዋን ደግፌ ከአልጋ ሳስነሳ። ግን የትኛው ብረት የገባለት ሰው ቶሎ ይቆማል፣ የትኛውስ ከወራት በኋላ እያነከሰ ይመለሳል የሚለውን ለዓመታት ስላየሁ ሰው ይጠይቀኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ራጁ ላይ የተሰበረው የቱ ጋ ነው?»

ይህ ሳይታወቅ ስለ ብረት መከራከር እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው። ስለዚህ ከራጁ እንጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ራጁ ምን ይላል?

«ዳሌ ተሰበረ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ነው። ቅርጹን አስቡት። ከላይ ኳስ የመሰለ ራስ አለ፤ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ከኳሱ በታች ያዘመመ አንገት አለ። አንገቱ ሲያልቅ ሁለት ጉብታዎች ይመጣሉ። ትልቁን ጉብታ ጎናችሁን ብትዳብሱ ታገኙታላችሁ፤ በጎን ስትተኙ ፍራሹን የሚነካው እሱ ነው። ከዚያ በታች ረጅሙ የጭን አጥንት ይቀጥላል።

ስብራቱ አንገቱ ላይ ከሆነ ጣጣው የደም ነው። ኳሱ ደሙን በዋናነት የሚያገኘው አንገቱን ታክከው ወደ ላይ ከሚወጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። አንገቱ ተሰብሮ ከቦታው ሲንሸራተት እነዚህ ሥሮች ይበጠሳሉ ወይም ይጨመቃሉ። ደም ያጣ ኳስ ወዲያው አይፈርስም። ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይሞትና ይደረመሳል። ስብራቱም ላይገጥም ይችላል። እዚህ ጋ ሐኪሙ የሚጠይቀው «ይህ ኳስ ይተርፋል ወይ?» ብሎ ነው።

ስብራቱ ጉብታዎቹ አካባቢ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው አጥንት ስፖንጅ መሳይ ነው፣ ደም እንደ ልብ ያገኛል። መግጠሙ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው ጠማማ ሆኖ፣ እግሩም አጥሮ እንዳይገጥም ነው። ብረቱ የሚፈለገው አጥንቱ እስኪገጥም ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ከጉብታዎቹ በታች፣ የረጅሙ አጥንት አናት ነው። እዚያ ትልልቅ ጡንቻዎች ቁራጮቹን ወዲያና ወዲህ ይጎትታሉ። የሰውነት ክብደት የሚፈጥረው ጫናም ከባድ ነው። ደካማ ብረት እዚያ አይበረክትም።

አንገት፣ ጉብታ፣ ከጉብታ በታች። ሐኪሙን ከነዚህ ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ጠይቁት። አንገት ከሆነ ደግሞ «ተንሸራቷል ወይስ አልተንሸራተተም?» የሚለውን ጨምሩበት። ከ1961 ጀምሮ ጋርደን በሚባለው አከፋፈል አራት ደረጃ አለው፤ ለእኛ ግን ተንሸራቷል ወይም አልተንሸራተተም የሚለው ይበቃል።

ኳሱን ለማትረፍ፦ ብሎኖች

አንገቱ ተሰብሮ ካልተንሸራተተ፣ ወይም ታካሚው ወጣት ከሆነ፣ የተፈጥሮውን ኳስ ለማትረፍ ይሞከራል። የተለመደው ሦስት ብሎን ነው። ብሎኖቹ መሐላቸው ክፍት ነው። መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ ብሎኑ በሽቦው ላይ ተሰክቶ ይከተላል። አቀማመጣቸው ጫፉ ወደ ታች የዞረ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ የሚፈሰው ደምም ጥቂት። በዋጋም ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው።

ለዚሁ ስብራት በሁለተኝነት የሚቀርበው አንድ ወፍራም ብሎን ከጎን ፕሌት ጋር ነው። ሐኪሞች ዲ ኤች ኤስ ይሉታል፤ በደንብ የማወራበት ጉብታው ጋ ስንደርስ ነው። የቱ ይሻላል የሚለውን ለመለየት ትልቅ ጥናት ተሠርቶ በ2017 ታትሟል። ፌይዝ ይባላል፣ 1,108 ታካሚዎች ነበሩበት። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ኦፕራሲዮን የተደረጉት በወፍራሙ ብሎን ከ100 ሰው 20፣ በቀጫጭኖቹ ደግሞ 22 ነበሩ። ያው በሉት። ግን ለሚያጨሱ ሰዎች፣ ለተንሸራተተ ስብራትና አንገቱ ከሥሩ ለተሰበረ ሰው ወፍራሙ ብሎን የተሻለ መስሏል። በሌላ በኩል የኳስ መሞት በሱ በዛ ብሏል።

ከዚህ ጥናት እኔ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው። በየትኛውም ብሎን ቢሆን ከአምስት ሰው አንዱ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል። ይህን ቀድሞ የነገረው ሐኪም ያለው ቤተሰብ ዕድለኛ ነው። ሳይነገራቸው ቀርቶ ከዓመት በኋላ «ሐኪሙ አበላሸብን» የሚሉ አጋጥመውኛል። ስብራቱ ራሱ ነው አስቸጋሪው።

ከሞተር ለወደቀ የ30 ዓመት ልጅ ይህን ዕጣ መቀበል ግዴታ ነው። ሰው ሠራሽ ዳሌ ዕድሜው ውሱን ነው፤ በ30 ዓመቱ ቢቀየርለት ወደፊት እንደገና መቀየሩ አይቀርም። ስለዚህ ኳሱን ለማትረፍ ይታገሉለታል። እሱም የድርሻውን ይታገላል፤ ለስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር እግሩ ላይ ሙሉ ክብደት ሳያሳርፍ በክራንች ይሄዳል።

አሁን ይህንኑ ለ80 ዓመት እናት ንገሯቸው። «እማማ፣ ግማሽ ክብደትዎን ብቻ ያሳርፉ።» ፈገግ ብለው «እሺ ልጄ» ይላሉ። ከዚያ ወይ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ይነሳሉ፣ ወይ ጭራሽ አይነሱም። ክንዳቸው ክራንች የሚሸከም ጉልበት የለውም። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የምመርጠው ብረት በማግስቱ ሙሉ እግር የሚያስረግጥ ነው የምለው ለዚህ ነው። ያልተንሸራተተ ከሆነ በብሎን ያልፋል። የተንሸራተተ ከሆነ ግን ወደ ቅየራ።

መቀየር፦ ግማሽ ወይስ ሙሉ?

ቅየራ ማለት የተሰበረውን ኳስ አውጥቶ ብረት መተካት ነው። ግማሽ ቅየራ፣ ሐኪሞች ሄሚ የሚሉት፣ ኳሱን ብቻ ይቀይራል። የዳሌው ጎድጓዳ የራስ ይሆናል። ሙሉ ቅየራ፣ በነሱ አጠራር ቶታል፣ ጎድጓዳውንም ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ፕላስቲክ ይለበጥበታል።

ቤተሰብ «ሙሉ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ ወደዚያ ይሄዳል። ለናቱ ግማሽ የሚመርጥ ማን አለ? ነገሩ ግን እንደ ስሙ አይደለም። ሄልዝ የሚባል ጥናት ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የተንሸራተተ የአንገት ስብራት ያለባቸው 1,495 ሰዎች ላይ ሁለቱን አነጻጽሮ በ2019 ውጤቱን አወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈለጋቸው በሙሉ ቅየራ 7.9 ከመቶ፣ በግማሽ 8.3 ከመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ከቦታው የመውለቅ ችግር ግን በሙሉ ቅየራ 4.7 ከመቶ፣ በግማሹ 2.4 ሆነ። በአካሄድና በሕመም ሙሉው ትንሽ በልጧል፤ ያችም ሰው ልብ የሚላት አትመስልም።

ስለዚህ የኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ከመውደቃቸው በፊት በምርኩዝ ከመኝታ ቤት ሳሎን ይመላለሱ የነበሩ፣ የሚረሱ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለባቸው ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ኦፕራሲዮኑ አጠር ይላል፣ የመውለቅ ሥጋቱም ያንሳል። በሌላ በኩል አባትየው 68 ዓመታቸው ሆኖ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው የሚመለሱ፣ ገበያ ራሳቸው የሚወርዱ ከሆነ ሙሉውን ማንሳት ተገቢ ነው። በተለይ ዳሌያቸውን ከስብራቱ በፊትም ያማቸው ከነበረ። ጎድጓዳው ቀድሞ ተበልቶ ከሆነ ኳሱን ብቻ መቀየር ሕመሙን አያጠፋም።

በግማሽ ቅየራ ውስጥ ሌላ ምርጫ ይመጣል። አንዱ ኳስ አንድ ወጥ ነው። ሌላው ባይፖላር የሚባለው ነው፤ ኳስ ውስጥ ሌላ ኳስ አለው፣ ዋጋውም ይጨምራል። ሻጮች ባይፖላሩን ያሞግሱታል። ጥናቶች ግን በአካሄድም በሕመምም ግልጽ ብልጫ አላሳዩለትም። ገንዘብ ከጠበበ የምትተውት እሱን ይሁን።

ከሱ ይልቅ ገንዘባችሁንና ጥያቄያችሁን ሲሚንቶው ላይ አውሉ። አዎ፣ ሲሚንቶ። የአጥንት ሲሚንቶ ይባላል። የብረቱ እግር አጥንቱ መቅኔ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን ሞልቶ ያጣብቀዋል። ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ዓይነት ተጠቅጥቆ ነው የሚያዘው፤ በሳሳ አጥንት ውስጥ ሊላላ ወይም አጥንቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። በ2022 የታተመ የእንግሊዞች ጥናት ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,225 ሰዎችን አይቷል። ከብረቱ ዙሪያ አጥንት የተሰበረባቸው በሲሚንቶ 0.5 ከመቶ ሲሆኑ ያለ ሲሚንቶ 2.1 ነበሩ። ከአራት ወር በኋላ የነበራቸው ኑሮም በሲሚንቶ የተሻለ ነበር። ያነጻጸሩት ደግሞ ዘመናዊውን ያለ ሲሚንቶ ዓይነት ነው። በ1950ዎቹ የወጣው ኦስቲን ሙር የሚባለው አሮጌ ዓይነት ዛሬም በርካሽነቱ በብዙ አገር ይገባል። የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ ግን ኦስቲን ሙርንም፣ ሌላውን አሮጌ ዓይነት ቶምፕሰንንም ትታችሁ የተፈተነ እግር ያለውን ተጠቀሙ ይላል።

ሲሚንቶ ያለ ዕዳ አይደለም። ሲገባ የደም ግፊት ድንገት የሚወርድባቸው ሰዎች አሉ፣ አልፎ አልፎም ለሕይወት ያሰጋል። ልባቸው ወይም ሳንባቸው የደከመ ከሆነ ሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ይወቀው። ይህን ተመልክቶ «ለሳቸው ያለ ሲሚንቶ ይሻላል» የሚል ሐኪም ካለ ምክንያት አለው።

አሁን ደግሞ መመሪያ ላይ የማላገኘውን፣ ግን ሁሌም የምጠየቀውን ላንሳ። ስግደት። ሶላት። በርጩማ። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት። የተቀየረ ዳሌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚወልቅባቸው መንገዶች ዋናው ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ ነው፤ በተለይ ጉልበት ወደ ውስጥ ዞሮ። ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት ከ90 በላይ ነው። ቁጢጥ ማለትም፣ መሬት ነክቶ መስገድም እንዲሁ። ሥጋቱ ሐኪሙ በየት በኩል ቆርጦ እንደገባም ይወሰናል፤ ከኋላ በኩል ከሆነ መጠንቀቅ ይበዛል። ስለዚህ «በየት በኩል ነው የሚገቡት? ምን ያህል ጊዜስ እንጠንቀቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። በብሎን፣ በፕሌት ወይም በኔይል (አጥንቱ ውስጥ በሚገባ ዘንግ) የተጠገነ ዳሌ ግን ኳሱ የራስ ስለሆነ ይህ የመውለቅ ሥጋት አያሳስበውም። አንዲት እናት በጾም ወቅት «ካልሰገድኩ ምኑን ቆምኩት?» ብለውኛል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ የተስማማነው ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ነው። እኔን ብቻ ቢሆን አይሰሙኝም ነበር።

ጉብታው ላይ ከሆነ፦ ፕሌት ወይስ ኔይል?

እዚህ ቅየራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ኳሱ ደም አለው፣ አጥንቱ ይገጥማል። ክርክሩ በሁለት ብረቶች መካከል ነው።

አንደኛው ቅድም ያነሳሁት ዲ ኤች ኤስ ነው። ወፍራም ብሎን ከጎን ተነስቶ በአንገቱ አልፎ ኳሱ ውስጥ ይቀመጣል። የብሎኑ ጭራ ከፕሌቱ ጋር የተያያዘ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ፕሌቱ በአጥንቱ ጎን ላይ በትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል። ብልሃቱ ያለው ቱቦው ውስጥ ነው። ታካሚዋ ስትራመድ ወፍራሙ ብሎን በቱቦው ውስጥ ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የተሰበሩት ሁለት ጫፎችም ይጠጋጋሉ። መራመዷ ራሱ ይጠግናታል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ሐሳብ ነው፣ እስከ ዛሬም ሥራ አልፈታም።

ሁለተኛው ኔይል ነው። ዘንግ ነው፤ ከላይ ተነስቶ በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ይወርዳል። ወፍራሙ ብሎን ዘንጉን ሰንጥቆ ወደ ኳሱ ይሄዳል። ጋማ ኔይል፣ ፒ ኤፍ ኤን፣ ፒ ኤፍ ኤን ኤ የምትሏቸው ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ዘንጉ ያለው አጥንቱ ውስጥ ስለሆነ ከጎን ከተለጠፈ ፕሌት ይልቅ ለሸክሙ መስመር ይቀርባል። ከባድ ዕቃ ከክንድ ዘርግቶ በመያዝና ደረት ላይ አቅፎ በመያዝ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት።

ታዲያ ኔይል ሁሌ ይሻላል? አይሻልም። ስብራቱ የተረጋጋ ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ቁራጭ ሆኖ የጎኑ ግድግዳ (የአጥንቱ የውጭ ጎን) ካልፈረሰ፣ በውጤት ሁለቱ እኩል ናቸው። ኔይል ግን ይወደዳል። የእንግሊዝ መመሪያ ከ2011 ጀምሮ ለእንዲህ ያለው ስብራት ተንሸራታቹን ብሎን ነው የሚያስቀድመው። ኔይል የራሱ ጣጣም አለው። በመጀመሪያዎቹ የጋማ ኔይሎች የዘንጉ ጫፍ ጋ ጭን የተሰበረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቅርጹ ከተሻሻለ ወዲህ ቀንሷል። ስለዚህ ሐኪሙ «ለእናታችሁ ዲ ኤች ኤስ ይበቃል» ካላችሁ ርካሽ ተሰጠን ብላችሁ አትዘኑ።

የሚዘነው በተገላቢጦሽ ነው። ዲ ኤች ኤስ የማይሆንበት ስብራት አለ። ስንጥቁ ከተለመደው አቅጣጫ ተቃራኒ ሆኖ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ ታች ሲወርድ፣ ያ የተወደሰው መንሸራተት ጠላት ይሆናል። ጫፎቹን በማጠጋጋት ፈንታ ያለያያቸዋል። በ2001 ከማዮ ክሊኒክ የወጣ ዘገባ ላይ እንዲህ ያለ ስብራት ኖሮባቸው ተንሸራታች ብሎን ከገባላቸው 16 ሰዎች በ9ኙ ሳይሳካ ቀርቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ትምህርቱ ግን ትልቅ። የጎኑ ግድግዳ ቀጭን ከሆነ ወይም ከተሰበረም ያው ነው። ከጉብታው በታች ለተሰበረ ሰው ደግሞ ረጅሙ ኔይል ነው። እዚያ ላይ አልከራከርም።

ኔይሉ ውስጥ የሚያልፈው ጠመዝማዛ ምላጭ ይሁን ወይስ ጥርስ ያለው ብሎን የሚለውን ለሐኪሙ ተዉለት። እኔ ራሴ ሲከራከሩ ሰምቼ አልጨረስኩም።

ከዓይነቱ ይልቅ የሚያጓጓኝ የቀዶ ጥገናው ማግስት ራጅ ነው። ወፍራሙ ብሎን ኳሱ ውስጥ የት ነው የቆመው? ሐኪሞች ከብሎኑ ጫፍ እስከ ኳሱ አናት ያለውን ርቀት በሁለት ራጅ ላይ ለክተው ይደምራሉ። ድምሩ ከ25 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ነገሩ የመጣው በ1995 ከታተመ ጥናት ነው። 198 ስብራት ታየ። ርቀቱ 25ና ከዚያ በታች ከሆነላቸው 120 ብሎኖች አንዱም ኳሱን ቀዶ አልወጣም። ተቀደው የወጡት ሁሉ ከዚያ በላይ የነበሩት ናቸው። እና ውድ ኔይል በተሳሳተ ቦታ ከገባ ርካሹ ዲ ኤች ኤስ በትክክለኛው ቦታ ይበልጠዋል። «ዶክተር፣ ብሎኑ መሐል ላይ ነው? ርቀቱ ስንት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚኮራበት ሐኪም ራሱ ራጁን ከፍቶ ያሳያችኋል።

ሆስፒታሉ ምን አለው?

ብሎንም፣ ዲ ኤች ኤስም፣ አብዛኛው ኔይልም በኦፕራሲዮኑ መሐል ራጅ የሚያሳይ ማሽን ይፈልጋሉ። ሲ አርም ይባላል። የሌለበት ወይም የተበላሸበት ሆስፒታል ጥቂት አይደለም። ግማሽ ቅየራ ግን ያለ ሲ አርም ይሠራል፤ ሐኪሙ መገጣጠሚያውን ከፍቶ በዓይኑ እያየ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንዳንዴ ምርጫውን የሚወስነው ማሽኑ ነው። ሲ አርም የሌለበት ቦታ በግምት ብሎን ከማስገባት ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሳይን ኔይልን ሳልጠቅስ አላልፍም። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሪችላንድ ከተማ ያለ ድርጅት ነው የሚያመርተው። በቬትናም ጦርነት ያገለገሉት የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 መሠረቱት። ዘንጉ ያለ ሲ አርም እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ብሎኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሐኪሙ በመምሪያ መሣሪያና በእጁ ስሜት ያገኘዋል። ለድሆች በነጻ ይሰጣል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ የያንዳንዱን ታካሚ ራጅ ለድርጅቱ ይልካል። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ እዚህም ብዙ ሰው ቆሞበታል። በዋናነት ለጭንና ለቅልጥም ስብራት ነው፤ ለጉብታ ስብራት የሚሆንም ለብቻው አውጥተዋል። «ነጻ ብረት ምን ይረባል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል።

ምንም ብረት አለማስገባትስ?

ይህም ምርጫ ነው፣ ሰዉም ይመርጠዋል። ወጌሻ ጋ ይኬዳል፤ ወይም ሆስፒታል ተተኝቶ እግር በክብደት ይሳባል። ለወጌሻ ክብር አለኝ፤ ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ አውቃለሁ። ግን የተሰበረ የዳሌ አንገት በእጅ አይደረስም። ጥልቅ ነው። ማሸት የቀረውን የደም ሥር ሊበጥስ ይችላል። አጥብቆ ማሰር ደግሞ እግር አስቆርጧል። በክብደት መሳብም ለአረጋዊ ሳምንታት መተኛት ማለት ነው። የመኝታ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት። የሚገድለው ስብራቱ ሳይሆን መተኛቱ ነው። በኦፕራሲዮን እንኳ ከዳሌ ስብራት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስቱ አንድ ያህል ሰው ይሞታል። ስለዚህ ሰመመን ጨርሶ የማይችል ካልሆነ ወይም ቀድሞም ከአልጋ የማይነሳ ካልሆነ፣ «በዚህ ዕድሜዋ አትቀደድ» ማለት ርኅራኄ አይመስለኝም።

ጊዜም አለ። የእንግሊዙ መመሪያ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይሠራ ይላል። በ2020 የወጣ 2,970 ሰው ያቀፈ ጥናት ኦፕራሲዮኑን ከ24 ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ማፍጠን ሞትን እንደማይቀንስ አሳይቷል፤ ግን ቶሎ የተሠራላቸው መዘባረቅ ቀንሶላቸዋል፣ ፈጥነውም ቆመዋል። የኛ ችግር ግን የስድስትና የሃያ አራት ሰዓት አይደለም። ብረት ፍለጋ አሥር ቀን ማለፉ ነው። የተሻለ ብረት ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ከመጠበቅ እዚህ ያለውን ደህና ብረት ዛሬ ማስገባት ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ጀርመን፣ ህንድ፣ ቻይና የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። እኔ ቢሆን የምጠይቀው ሌላ ነው። ኔይል ከነመሣሪያው ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ መምሪያ ክንድ፣ የራሱ መሰርሰሪያና የራሱ መፍቻ አለው። አንድ ቤተሰብ ከውጭ ምርጥ የተባለ ኔይል ልኮ ነበር። ዘንጉ ብቻ። ለሱ የሚሆን መሣሪያ ያለው ሆስፒታል ጠፋ፣ ኔይሉም ከነማሸጊያው ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። እናትየው በዚህ መሐል ስምንት ቀን ተኙ። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያውቀውንና መሣሪያው ያለውን ዓይነት ግዙ። መጠኑን እሱ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የፕሌቱና የብሎኖቹ ብረት አንድ ዓይነት ይሁን፤ ታይታኒየምና ስቴይንለስ አይቀላቀሉም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት አስቀሩና ካርዱ ላይ ለጥፉት። አንድ ቀን ብረቱ መውጣት ካለበት፣ ምን ዓይነት መፍቻ እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው።

ታይታኒየም ወይስ ስቴይንለስ? ለዳሌ ስብራት ሁለቱም ይሠራሉ። «ብርድ ይመታዋል» የሚባለውም ከብረቱ ዓይነት ጋር አይገናኝም። በዕድሜ ለገፉት ካላስቸገረ በስተቀር ብረቱ አይወጣም። ኤም አር አይ መነሳት ካስፈለገ ብረት እንዳለ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ዘመናዊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይከለክሉም። አየር ማረፊያ ላይ ሊጮህ ይችላል፤ ይጩህ።

ቤት ከገቡ በኋላ ድንገት ብሽሽት ላይ አዲስ ሕመም ከመጣ፣ እግሩ ካጠረ ወይም ወደ ውጭ ከዞረ፣ ቁስሉ ከረጠበ፣ ሳታድሩ ወደ ሐኪም። ቁስሉ ሲሽር ደግሞ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ጠይቁ፤ በቀላል አወዳደቅ ዳሌ የሰበረ ሰው ሁለተኛውንም ሊሰብር ይችላል።

ያ ማታ የሚደውለው ልጅ ግን የሚላክ ነገር ካልነገርኩት ስልኩን አይዘጋም። ስለዚህ እነግረዋለሁ። ብረቱን ተወው። ቁመቱ የሚስተካከል ዎከር ላክ፣ ጎማው ያልለሰለሰ። ከፍ ያለ የሽንት ቤት መቀመጫ ላክ፣ መያዣ እጀታ ያለውን። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ላክ። እዚህ ያለው ወንድምህ ደግሞ መኝታ ቤቱ በር ላይ ያለውን ምንጣፍ ዛሬውኑ ያንሳው። እማማ የወደቁት በሱ ነው።